ስለ መተንፈሻ ማሽን ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዛሬ ተረኛ ስላልሆንኩ እንቅልፌ እስኪመጣ እመልሳለሁ። የራጅ ፎቶ አትለጥፉ፤ ያላየሁትን ሕመምተኛ ይተርፋል አይተርፍም አልልም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ሲስተር፣ ማሽን የገባለትን ሰው ማሽኑን ማንሳት መግደል አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ማሽኑ ወናፍ ነው፤ አየር ያስገባል እንጂ በሽታ አይፈውስም። በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ፖሊዮ ሲገባ የሕክምና ተማሪዎች ተራ ገብተው፣ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ሕሙማኑን ያስተነፍሱ ነበር። ያን ሁሉ የደከሙት የሕሙማኑ የመተንፈሻ ጡንቻ እስኪመለስ ለማቆየት ነው። እኛም ጋ የፀረ ተባይ መርዝ የጠጣ ልጅ ማሽን ላይ ሰንብቶ በእግሩ ይወጣል። ካንሰር ሳንባና ጉበቱን የጨረሰበትን ሰው ግን ወናፉ የሚያራዝምለት ጣሩን ነው። አሜሪካ ራሷን ስታ ማሽን የገባላት ካረን ኩዊንላን የምትባል ወጣት ነበረች። በ1976 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ማሽኑ እንዲነሳ ፈቀደ፤ ተነሳላት፤ በራሷ እየተነፈሰች እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ቆየች። ሲነሳም ሶኬት ተነቅሎ አይኬድም፤ ቤተሰብ ይጠራል፣ የጭንቀት ማስታገሻ ይሰጣል። መርፌ ወግቶ መግደል ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አትጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ ኩላሊት የት ይሸጣል?

መልስ፦ አይሸጥም፤ ወንጀል ነው። ዘመድ በፈቃዱ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላውን በ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሯል። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ እናቴን አሟታል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምናቸውን? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

ጥያቄ (ከቦረና)፦ አባባ ካንሰር ነው ተባልን። እንዳይደነግጥ ደብቀነዋል፤ ጥሩ አደረግን?

መልስ፦ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መናገር እስኪያቅታቸው ትደብቃላችሁ፣ ከዚያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ስድስት ወንድማማች ቆሞ «ማሽን ይግባ፣ አይግባ» ብሎ ይጣላል። አንድ ሽማግሌ «እነሱ ሲደብቁኝ እኔም ማወቄን ደበቅኋቸው» ብለውኛል። ዕዳቸውን፣ መሬታቸውን፣ የት መቀበር እንደሚሹ ይናገሩ እንጂ! ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው፤ ሐኪሙም አብሮ ይቀመጥ።

— ወላሂ እውነት ነው።
— ማሽን ከማስገባት ጠበል ይሻላል እኮ።
— አቦ፣ ጠበሉም ዱዓውም ሕክምና አቁሙ መቼ አለ?
— አንተ ደግሞ የሐኪም ጠበቃ ሆንክ?

መልስ፦ ክርክራችሁን ሌላ ቦታ። ጠበልም ዱዓም አልከለከልኩም፤ መድኃኒት አታስጥሉ ብቻ።

ጥያቄ፦ ማሽን ማንሳት ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ለሃይማኖት አባቶቻችሁ ይቅረብ። መግደል ነው ወይ ከሆነ ከላይ አለ፤ አንብቡ እንጂ! የራጅ ፎቶ የለጠፍከው ልጅ፣ አንሳው፤ የአያትህ ስም ይታያል።