ሌባው ማን ነው? ስለ ልጆችና ታዳጊዎች የምርመራ ልብ ወለድ ጥያቄና መልስ

ለልጆችና ለታዳጊዎች ስለሚጻፉ የምስጢርና የምርመራ ልብ ወለዶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ወላጆች፣ መምህራን፣ ጀማሪ ጸሐፊዎችና ልጆቹ ራሳቸው ጠይቃችኋል። በጣም ደስ ብሎኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመርማሪ ታሪክ ካላመጣሽልኝ ብላ ይዛኛለች። እኔ ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሁሉ ግድያ ያለበት እየመሰለኝ ፈራሁ። አይከብዳትም?

ግድያ የግድ አይደለም። የምርመራ ታሪክ የሚፈልገው መልሱ የጠፋ ጥያቄ ብቻ ነው። የተሰረቀ ገንዘብ፣ ላኪው ያልታወቀ ደብዳቤ፣ ማንነቱን ደብቆ የመጣ እንግዳ፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እነዚህ ከበቂ በላይ ናቸው።

ጀርመናዊው ኤሪክ ኬስትነር በ1929 ያሳተመውን «ኤሚልና መርማሪዎቹ» ይመልከቱ። ማንም አይገደልበትም። ኤሚል ብቻውን በባቡር ወደ በርሊን ሲሄድ እናቱ የሰጠችው 140 ማርክ ይሰረቅበታል። እናቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ገንዘቡ በስንት ልፋት እንደተጠራቀመ አንባቢው ቀድሞ አይቷል። ስለዚህ ስርቆቱ ሲደርስ ልብ ይሰብራል። አንድ ጠብታ ደም ሳይፈስ ማለት ነው።

ልጅዎ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግድያ ያለበትንም ማንበብ ትችላለች። ሮቢን ስቲቨንስ ከ2014 ጀምሮ ያወጣቻቸው ተከታታይ መጻሕፍት በ1930ዎቹ በነበረ የእንግሊዝ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ይጀምራሉ። እዚያ ግድያ አለ። ተራኪዋ ልጅ ግን ትደነግጣለች፣ ትፈራለች። ወላጅ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ይህን ቢፈልግ ጥሩ ነው፦ የሰው ሞት በታሪኩ ውስጥ ማንንም ያሳዝናል ወይ? ማንም ካላዘነ እኔ ለልጅ አልሰጠውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ 12 ዓመቴ ነው። ሌባውን ሁልጊዜ መጽሐፉ ሳያልቅ አውቀዋለሁ። ከዚያ ይሰለቸኛል። ምን ላድርግ?

ጎበዝ! ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አወቅከው ወይስ ገመትከው? ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ልጅ «በጣም ደግ የመሰለው ሰውዬ ነው» ብሎ ይገምታል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ያ ግን የደራሲዎችን ልማድ መልመድ ነው።

እስቲ ወረቀት ያዝ። የሌባውን ስም ጻፍ። ከሥሩ እንዴት እንዳደረገው፣ ለምን እንዳደረገው፣ በየትኛው ገጽ ላይ ያለው ፍንጭ እንደሚያጋልጠው ጨምር። ሦስቱም ትክክል ከሆኑ በእርግጥ ፈትተኸዋል። አንዱ ከጎደለ ቀሪዎቹ ምዕራፎች አይሰለቹህም።

ከዚያ ከበድ ወዳለው ሂድ። አሜሪካዊቷ ኤለን ራስኪን በ1978 ያወጣችው «ዘ ዌስቲንግ ጌም» የአንድ ሀብታም ኑዛዜ ያገናኛቸው 16 ወራሾች አሉት። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወዳደራሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ የሚሰጠው ፍንጭም የተለያየ ነው። በ1979 አሜሪካ ውስጥ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እሱን ግማሹ ላይ ሳትደርስ ከፈታኸው ጻፍልኝ፤ የምር መስማት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የመርማሪ ታሪክ የትኛው ነው?

አብዛኛው ሰው የሚስማማበት ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ያሳተመው፣ ዱፒን የሚባል መርማሪ ያለበት አጭር ልቦለድ ነው። ታሪኩ ፓሪስ ውስጥ ነው። ግድያው ዘግናኝ ስለሆነ ግን ለትንንሾቹ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ለታዳጊዎች የምርመራ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ፍንጭ ሳስቀምጥ አንባቢዎቼ ወዲያው ይነቁብኛል። ስደብቀው ደግሞ «አታለልከን» ይሉኛል። መላው ምንድን ነው?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። የኤሚልን ታሪክ ያላነበባችሁ ልጆች ይህን መልስ ዝለሉት። ምስጢሩን ማውጣቴ ነው።

ኤሚል ባቡሩ ውስጥ ሳለ ገንዘቡ እንዳይጠፋበት ይሰጋል። ስለዚህ በእስፒል ወግቶ ከኮቱ ገበር ጋር ያያይዘዋል። እዚህ ጋ አንባቢው የሚያየው አንድ ጠንቃቃ ልጅ ነው። ፍንጭ ነው ብሎ አይጠረጥርም፤ ስርቆቱ ገና መቼ ደረሰና! ከብዙ ምዕራፎች በኋላ ሌባው ባንክ ውስጥ ይያዛል። ገንዘቡ የራሴ ነው ብሎ ይሟገታል። ኤሚል ግን እስፒሉን ያስታውሳል። ኖቶቹ ሲታዩ ቀዳዳው አለ።

ልብ በል፤ ኬስትነር ምንም አልደበቀም። እስፒሉን ቁልጭ አድርጎ አሳይቶናል። ያሳየን ግን ከወንጀሉ በፊት ነው፤ ያኔ አንባቢ ገና ምርመራ አልጀመረም። በዚያ ላይ እስፒሉ ሌላ ሥራ ነበረው፤ የኤሚልን ጠባይ እየነገረን ነበር። ፍንጭ ፍንጭ ብቻ ሲሆን ጎልቶ ይወጣል። የገጸ ባሕርይ መገለጫ፣ የጨዋታ ማዳመቂያ ወይም የጠብ መነሻ ሲሆን ግን ማንም ሳያስተውለው ያልፋል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። ክፍሉን ስትገልጽ የሚያጋልጠውን ዕቃ ከሌሎች አምስት ዕቃዎች መሃል ጣል አድርገው፤ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አይሁን። ወይም ፍንጩ እንደተነገረ በሩ ይንኳኳ፤ አንባቢው ወደ በሩ ይሮጣል። እኔ በጣም የምወደው ግን ልጆቹ ፍንጩን አግኝተው በስህተት ሲተረጉሙት ነው። እርጥብ ጫማ አይተው «ወንዝ ዳር ነበረ» ይላሉ። እውነቱ ግን ሰውዬው ወለሉን አጥቧል። አንባቢው ጫማውን አይቷል፣ ትርጉሙን ግን ከልጆቹ ወስዷል። መጨረሻ ላይ «አታለልከን» ሊልህ አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለብህ። ሌባው ያደረገውን በሌላ ወረቀት ላይ ከመነሻ እስከ መድረሻ ጻፈው። በስንት ሰዓት ገባ? ማን አየው? ምን ረስቶ ወጣ? አንባቢ የማያየው ታሪክ ይህ ነው። ይህ ሳይኖርህ ምዕራፍ አንድን ከጀመርክ መሃል ላይ ትያዛለህ።

ተጠርጣሪዎችህም እያንዳንዳቸው የሚደብቁት የራሳቸው ጉዳይ ይኑራቸው። አንባቢ የሚናደደው አሳሳች ፍንጭ ባዶ ሆኖ ሲቀር ነው። ዘበኛው ማታ ማታ የሚጠፋው ማንበብና መጻፍ እየተማረ፣ ሰው እንዳያውቅበትም አፍሮ ከሆነ፣ ሌባ ባይሆንም ታሪኩ አልባከነም። እንዲያውም ልጆቹ በጥርጣሬያቸው ሰውን ምን ያህል ሊጎዱ እንደሚችሉ ያዩበታል። እኔ ይህ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ስጦታ ይመስለኛል።

ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ ካህንና ደራሲ በ1929 ለምርመራ ልብ ወለድ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል አይግባበት ይላል። ከአንድ በላይ ምስጢራዊ ክፍል ወይም መተላለፊያ አይኑር ይላል። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ አይደብቅ የሚልም አለው። ሌሎቹን እንደ ሁኔታው ብትጥስ ግድ የለኝም። የመጨረሻውን ግን ለልጆች ስትጽፍ በፍጹም እንዳትነካው። ልጅ አንዴ ከተታለለ ሁለተኛውን መጽሐፍህን አይገልጥም።

ጥያቄ፦ ዛሬ ሁሉም ሰው ሞባይል አለው። ልጆች ችግር ሲያዩ ለአዋቂ ወይም ለፖሊስ ይደውላሉ። ታዲያ ለምን ራሳቸው ይመረምራሉ?

«ባትሪው አለቀ» የሚለውን እባካችሁ ተዉት። አንዴ ይሠራል፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደገም አንባቢው ይስቃል።

ይልቅ ልጆቹ ይደውሉ፤ ሰሚ ይጡ። አዋቂው ክፉ ስለሆነ አይሁን፤ ነገሩ ስለማይመስል ወይም ሌላ ጭንቀት ስላለበት ይሁን። ልጅ ሆኖ «አሁን አይመችም፣ በኋላ» ያልተባለ የለም፤ አንባቢው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ልጅ ደግሞ ፖሊስ የሌለው አንድ መሣሪያ አለው። ማንም አያስተውለውም። አዋቂዎች ልጅ አጠገባቸው እያለ ያወራሉ። ስልኩም ቢሆን ምስጢር ይጨምራል እንጂ አይገድልም፤ የተሳሳተ ሰዓት ያለበት ፎቶ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ አንድ ተከታታይ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ሃያ ምናምን መጽሐፍ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ላስቆመው?

በፍጹም። ይተውት። አካሄዱን ስለሚያውቀው ነው ዘና ብሎ የሚያነበው፤ በዚያው ፍጥነቱ ይጨምራል። የኤኒድ ብላይተን «ፌመስ ፋይቭ» በ1942 ጀምሮ 21 መጽሐፍ ሆኗል። እሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጨረሰ ልጅ በኋላ ወፍራም መጽሐፍ አያስፈራውም።

አንድ ነገር ግን ይወቁ። ብዙዎቹ ተከታታይ መጻሕፍት ከአንድ ሰው እጅ የወጡ አይደሉም። በ1930 የጀመረው፣ ናንሲ ድሩ ስለምትባል ወጣት መርማሪ የሚተርከው ተከታታይ ደራሲ ካሮሊን ኪን ትባላለች። እንዲህ የምትባል ሴት ግን የለችም። ኤድዋርድ ስትራቴማየር ያቋቋመው ድርጅት የታሪኩን ንድፍ እየሰጠ ጸሐፊዎችን ቀጥሮ ያጽፍ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 30 መጻሕፍት 23ቱን የጻፈችው ሚልድረድ ዊርት ቤንሰን ናት። ለረጅም ዓመታት ስሟን የሚያውቅ አንባቢ አልነበረም። ያቺን ደፋር፣ መኪናዋን ራሷ የምትነዳ ልጅ ሕይወት የሰጠቻት እሷ ናትና ስሟ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

እነዚያው መጻሕፍት ከ1959 ጀምሮ እንደገና ተጽፈዋል፤ አጥረዋል፣ በዘርና በቀለም ሰውን የሚያንቋሽሹ ቦታዎችም ወጥተዋል። ስለዚህ የቆየ እትም ካገኙ ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሁለት ምዕራፍ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ማንበብ የማይወዱ ተማሪዎች አሉኝ። በምርመራ ልብ ወለድ ልያዛቸው እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ግን በአጭሩ ይጀምሩ። ዶናልድ ሶቦል በ1963 የጀመረው «ኢንሳይክሎፔዲያ ብራውን» ለዚህ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ ታሪክ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ መልሱም ከመጽሐፉ ጀርባ ተቀምጧል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያነቡላቸዋል፤ መልሱ ጋ ሲደርሱ መጽሐፉን ይዘጋሉ። ተማሪዎቹ የጠረጠሩትን ሰው ስምና አንድ ማስረጃ ይጻፉ። ያለ ማስረጃ የተጻፈ ስም አይቆጠር። ሲከራከሩ «እስቲ ያንን ቦታ መልሰው ያንብቡልን» ይልዎታል፣ ያ መጽሐፍ አልወድም ያለው ተማሪ። ያኔ መጽሐፉን ለእሱ ይስጡት፤ ራሱ ፈልጎ ያንብብ።

ጥያቄ፦ መንፈስና ጣረ ሞት ያለበት ታሪክ የምርመራ ልብ ወለድ ይባላል?

መጨረሻ ላይ ከአንሶላው ሥር ሰው ከወጣ አዎ። መንፈሱ የምር ከሆነም ይቻላል፤ ግን መንፈሱ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል መጀመሪያ ላይ ይነገረን። መጨረሻው ገጽ ላይ በግድግዳ ማለፍ ከጀመረ ተጭበርብረናል።

ጥያቄ፦ 14 ዓመቴ ነው። የልጆቹን ጨርሻለሁ። ወደ አዋቂዎቹ ልግባ?

ግቢ። በአጫጭሮቹ ጀምሪ። አርተር ኮናን ዶይል ስለ ሼርሎክ ሆምስ 56 አጫጭርና 4 ረጃጅም ታሪኮች ጽፏል፤ አጫጭሮቹ በአንድ ቁጭታ ያልቃሉ። ሆምስ ግን አንዳንዴ የሚያየውን ሁሉ አያሳይሽም፤ በዚህ እንዳትበሳጪ። ከአንባቢ ጋር መፎካከር የምትፈልግ ደራሲ ከሆነ የምትሺው አጋታ ክሪስቲን ያዢ። 66 የምርመራ ልብ ወለዶች አሏት፤ ቋንቋዋ ቀላል ነው፣ ደም አታበዛም። አንዱን ስትጨርሺ ወዲያው እንደገና አንብቢው። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ እያንዳንዷ ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም እንደነበራት የምታይው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ረቂቄን ጨርሻለሁ። መጨረሻው መሥራቱን በምን ላውቅ?

የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች አውጥተሽ በዚያ ዕድሜ ላሉ ልጆች ስጪ። ለዘመድ አዋቂ አትስጪ፤ ያሞግስሻል እንጂ አይጠቅምሽም። ልጆቹ ሌባው ማን እንደሆነና ከምን እንደተነሱ ይንገሩሽ። ሁሉም ካወቁት ፍንጩን ወደ ፊተኛው ምዕራፍ ውሰጂው። ማንም ካላወቀው አትደንግጪ፤ መጨረሻውን ስጫቸውና ምን እንደሚሉ ስሚ። «እንዴት አላየሁትም!» ካሉ ጨርሰሻል። «ይህ የት ተነገረ?» ካሉ ግን አንድ ፍንጭ ይጎድልሻል። የት ቦታ እንደጠፉም ራሳቸውን ጠይቂያቸው፤ ገጹን በጣታቸው ያሳዩሻል።