ከአምቡላንስ ኋላ ለምትቀመጡ ልጆቼ

የድንገተኛ ሕክምና ትምህርት የጀመራችሁ ልጆች አንድ ቅሬታ ስታነሱ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዘመድ ሰርግ ላይ ያገኛችሁና «ምን ተማርክ?» ይላል። «አምቡላንስ ላይ ነው የምሠራው» ትሉታላችሁ። «ለሾፌርነት ይሄን ያህል ትምህርት?» ብሎ ይስቃል። እናንተም ትበሽቃላችሁ።

አትፍረዱበት። ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው። በእሱ ዕድሜ አምቡላንስ ማለት የሚጮህ መኪናና አንድ ሾፌር ነበር። ከኋላ በሽተኛው ተኝቷል፣ አጠገቡ እናቱ ታለቅሳለች። ባለሙያ የሚባል ሰው እዚያ ተቀምጦ አላየም።

እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል በነርስነት አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከኋላ ስለሚቀመጠው ሰው ነው። መኪና አያክምም። የሚያክመው እዚያ ወንበር ላይ ያለው ሰው ነው። ይሄ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለዓለምም ዘግይቶ የገባው ነገር ነው።

እኛ ዘንድ መጀመሪያ ቃሬዛ ነበር። አሁንም አለ። ሁለት ረዘም ያሉ እንጨቶች፣ መሃሉ ላይ ገመድ ወይም ጠፍር፣ ከላይ ጋቢ። ከጮቄ ግርጌ ካለ መንደር ምጥ የጠናባት ሴት ስትነሳ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይጠራል። አራቱ ይሸከማሉ፣ የቀረው ከኋላ ተከትሎ የደከመውን ይተካል። ክረምት ከሆነ ጭቃው እግር ይይዛል። ወንዝ ከሞላ ዳር ላይ ቆሞ እስኪጎድል መጠበቅ ነው። «እኔን አይመለከተኝም» የሚል የለም፤ ነገ የእሱ ሚስት ትሆናለች። ለዚህ ሥርዓት ትልቅ አክብሮት አለኝ። ግን የሁሉም ሐሳብ መድረስ ላይ ብቻ ነበር። ደም እየፈሰሰ ይኬዳል። ትንፋሽ እየታፈነ ይኬዳል። መኪና ሲመጣም ሐሳቡ አልተቀየረም። ቃሬዛው ጎማ ተገጠመለት፣ በቃ።

«ኋላ ቀር ስለሆንን ነው» እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ግማሽ ያህሉን የአምቡላንስ አገልግሎት ይሰጡ የነበሩት ቀብር አስፈጻሚዎች ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው አስተኝቶ የሚወስድ ረጅም መኪና ያላቸው እነሱ ነበሩ። ጠዋት ሬሳ የጫነው መኪና ከሰዓት በሽተኛ ይጭናል። በ1966 የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ ያወጣው ሪፖርት ነገሩን አፍረጠረጠው። ክፉኛ የቆሰለ ሰው ከተማ ጎዳና ላይ ከሚሆን ጦር ሜዳ ላይ ቢሆን የመትረፍ ዕድሉ እንደሚሻል የሚናገሩ ባለሙያዎች እንዳሉ ጻፈ። ጦር ሜዳ ላይ ቁስል ማሰር የሚያውቅ ወታደር አጠገቡ አለ። ጎዳናው ላይ ከንፈር መጣጭ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ውስጥ፣ ፍራንክ ፓንትሪጅ የሚባል የልብ ሐኪም ሌላ ነገር ጀመረ። ልባቸውን በድንገት ከሚያማቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ እንደሚሞቱ አይቶ፣ ምቱ ክፉኛ የተዛባ ልብ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለውን ማሽን በመኪና ባትሪ እንዲሠራ አድርጎ አምቡላንስ ላይ ጫነው። ክብደቱ 70 ኪሎ ግድም ነበር። ተንቀሳቃሽ ተባለ እንጂ ለመሸከም የጎጃም ጎበዝ ሳያስፈልገው አልቀረም።

እኔን የሚነካኝ ግን የፒትስበርጉ ታሪክ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ ስለ እናንተ ነው።

ፒተር ሳፋር የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ነበር። አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት እንደሚሠራ በሙከራ ካረጋገጡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ዛሬ አሻንጉሊት ላይ ተንበርክካችሁ የምትለማመዱት ሲፒአር፣ ማለትም ደረት እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠት፣ የእሱም ልፋት አለበት። በ1966 ልጁ በአስም ሞተችበት። በዚያው ዓመት የቀድሞው የፔንሲልቬንያ ገዥ ዴቪድ ሎውረንስ ሕዝብ በተሰበሰበበት ወደቁ። ሆስፒታል ያደረሳቸው ፖሊስ ነው። ልባቸው ተመለሰ፣ አንጎላቸው ግን አልፎበት ነበር። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ሲቆይ መጎዳት ይጀምራል። ገዥ ሁን ባላገር፣ ለአንጎል ያው ነው።

ፒትስበርግ ውስጥ ሂል ዲስትሪክት የሚባል ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበት ድሃ ሰፈር ነበር። እዚያ ሰው ሲታመም የሚመጣው የፖሊስ መኪና ነው፤ እሱም ከመጣ። በ1967 ሳፋርና አጋሮቹ ፍሪደም ሃውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት አቋቋሙ። ሠራተኞቹን ከሌላ ቦታ አላመጡም። ከዚያው ሰፈር ሥራ ያጡ ወጣቶችን ሰበሰቡ። ትምህርት ያቋረጠ አለ፣ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ አለ፣ እስር ቤት የነበረም አለ። «እነዚህ ምን ይረባሉ» የተባሉ ልጆች ናቸው። ወደ 300 ሰዓት የሚጠጋ ሥልጠና ተሰጣቸው። አናቶሚ ተማሩ፣ የአየር መተላለፊያ መክፈት ተማሩ፣ ደም ማቆም ተማሩ። ሆስፒታል ገብተው ከሐኪም ጎን ቆሙ። ከዚያ ወጥተው የገዛ ሰፈራቸውን ሰው ማትረፍ ጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ ፓራሜዲክ የሚባለውን፣ ሆስፒታል ሳይደረስ አምቡላንስ ላይ የማከም ሙያ ቀድመው ከጀመሩት መካከል እነሱ ናቸው።

ኋላ ላይ ናንሲ ካሮላይን የምትባል ወጣት ሐኪም መጣችላቸው። ቢሮ ተቀምጣ የምታዝ አልነበረችም፣ አብራቸው አምቡላንስ ላይ ትወጣ ነበር። ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የፓራሜዲክ ሥርዓተ ትምህርት እንድታዘጋጅ መንግሥት የጠየቀው እሷን ነው። የተሞከረውም በእነዚያ ልጆች ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ በ1975 ከተማው የራሱን አገልግሎት አቋቁሞ ፍሪደም ሃውስ ተዘጋ። ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ከሥራው ተገፉ። ለብዙ ዓመታት ስማቸውን ያነሳ አልነበረም።

ይሄን የነገርኳችሁ እንድታዝኑ አይደለም። ከማቻከልም ሁኑ ከአነደድ፣ ማትሪክ ውጤታችሁ ሐኪም ባያደርጋችሁም፣ ሙያው ከመነሻው የእናንተ ዓይነት ልጆች ሙያ ነው። ለሐኪምነት መንደርደሪያ አይደለም። ራሱን የቻለ እውቀት አለው። ደግሞ የሠራችሁትን ጻፉ። ያልተጻፈ ሥራ በኋላ የሌላ ሰው ይሆናል።

የእኛ አገር ጅማሮ ቅርብ ነው። ቀይ መስቀላችን እ.ኤ.አ. በ1935 ተመሥርቶ በአምቡላንስ ሥራው ዘመናትን ያስቆጠረ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ክብረት አበበ የሚባል በጥቁር አንበሳ የማደንዘዣ ነርስ የነበረ ሰው ደግሞ ቤቱን ሸጦ አምቡላንስ ገዛና እ.ኤ.አ. በ2008 ጠብታ አምቡላንስን አቋቋመ። በኋላ ማሠልጠንም ያዘ። ቤት ሸጦ አምቡላንስ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባን የቤት ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወረዳዎች በብዛት አምቡላንስ ያገኙትም ከዚያ ወዲህ ነው፣ በዋናነት ወላድ እናቶችን ታስቦ። መኪናው ቀደመ፣ ባለሙያው ተከተለ። ክፍተቱን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ሥራው።

ከደጀን ወደ ዓባይ ቁልቁል ስትወርዱ የጭነት መኪና ፍሬን ሲቃጠል ይሸታችኋል። አንዳንዱ እምቢ ይለዋል። ስትደርሱ ሰው ቀድሟችኋል። ቁስለኛውን እጅና እግሩን ይዘው ጎትተውታል፣ አንዱ አንገቱን ቀና አድርጎ ውሃ በሃይላንድ ሊያጠጣው ነው፣ ሌላው አይሱዙ ላይ ለመጫን እየጮኸ ነው። አትቆጡ። ሁሉም ደግ ሰው ነው። ሥራ ስጡት። «አንተ ጭንቅላቱን እንዲህ ያዝልኝ፣ እንዳታንቀሳቅስ። አንተ መኪና አስቁም። አንተ ይሄን ጨርቅ ቁስሉ ላይ ተጫነው፣ እያነሳህ አትይ።» እያነሱ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ያስፈስሳል። ተጭኖ መቆየት ነው። ውሃውን ቀስ ብላችሁ ተቀበሉ። ራሱን የሳተ ሰው የጠጣው ሳንባው ይገባል።

ሌላው ነፍሰ ጡር ሴት ስትንቀጠቀጥ ነው። ቤቱ ውስጥ ክብሪት እየጫሩ አፍንጫዋ ሥር ይይዙላታል። አፏን በማንኪያ ሊከፍቱ ይታገላሉ። ሁለቱንም አስቁሙ። በግራ ጎኗ አስተኟት፣ በአካባቢዋ የሚያቆስላትን ነገር አንሱ፣ ምራቁ ይውጣ። ጤና ጣቢያው ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለውን የመንቀጥቀጥ መድኃኒት ሰጥቶ ከላካት መጠኑንና ሰዓቱን ሳትቀበሉ አትነሱ።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ። ወረቀት ላይ «3 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የእኛ 3 ሰዓት ነው ወይስ የፈረንጁ? ጠዋት ነው ማታ? ተቀባዩ ሐኪም በፈረንጅ ሰዓት የሚጽፍ ከሆነ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። ደም ለማቆም እግሩ በገመድ ጥርቅም ተደርጎ ታስሮ የመጣ ሰው ላይ ስድስት ሰዓት እግር ያሳጣል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ» ብሎ መጻፍ ምን ያደክማል?

ከቤተሰብ ጋር አትጋጩ። ጸበል ይዘው ከመጡ ይርጩት፣ ግንባሩን ይቀቡት፤ አፉ ውስጥ ብቻ አይግባ። ይህን ተረጋግታችሁ ከነገራችኋቸው ካህኑም ይረዷችኋል። አዛውንቱን «አንቱ» በሉ። «እማማ፣ እጅዎን ልይዝ ነው» ብላችሁ ንገሩና ያዙ። ጓንት ያጠለቀ ልጅ ሳይናገር እጃቸውን ሲጎትት ደም ግፊቱ ራሱ ይወጣል።

ሾፌሩን ወዳጅ አድርጉት። በአስፋልት 120 መብረር ጀግንነት የሚመስለው አለ። ከኋላ ሲፒአር የምትሠሩ ከሆነ እያንዳንዱ መታጠፊያ ግድግዳ ላይ ይለጥፋችኋል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ደረቱን አምስት ሴንቲ ያህል ወደ ታች መጫን በሚዘል መኪና ውስጥ አይሆንም። «አለስልሰው» በሉት። ትልቅ ሰው ከሆነ በአክብሮት፣ ግን በሉት።

አንድ የሚያናድደኝን ልናገር። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ አምቡላንሱን ለስብሰባ ሰው ማመላለሻ ያደርገው ነበር። ወላድ ስትደውል መኪናው የለም። ተመልሶ ሲመጣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ባዶ፣ አልጋው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ። እናንተ ይሄን ዓይነት ነገር ብቻችሁን አታስቆሙትም። ግን ተረኛ ስትሆኑ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ክፈቱ፣ ጌጁን አንብቡ፣ የጎደለውን መዝገብ ላይ አስፍሩ፣ ፈርሙ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ይረሳል። የተፈረመ ወረቀት ግን አለቃን ያሳስበዋል።

ሆስፒታል ስትደርሱ ታማሚውን ኮሪደር ላይ ትታችሁ አትሂዱ። ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ አምጪው ጠፍቶ ነርሷ ከቤተሰቡ ወሬ ስትለቅም። ምን ሆነ፣ ምን አገኛችሁ፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ተለወጠ። ቆማችሁ በአፍ ንገሩ፣ ወረቀቱን በእጅ ስጡ። ከዚያ ወረቀቱን የተቀበለውን ሰው ስም ያዙ።

የመጨረሻው ስለ ብርድ ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ላብ ያጠመቃችሁ ሰዎች ደጀን ስትወጡ ያንዘፈዝፋችኋል። የደማ ሰው ላይ ደግሞ ብርዱ የከፋ ነው። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም በወጉ አይረጋም፤ ያስቆማችሁት መድማት እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ የረጠበ ልብሱን አውጡ፣ የመኪናውን መስኮት ዝጉ፣ አልብሱት። ብርድ ልብስ ከሌለ ከዘመዶቹ ጋቢ ለምኑ፣ አይነፍጓችሁም። ግን መልሱላቸው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ገብቶ የቀረ ጋቢ ፍለጋ ስንት ሰው ሲመላለስ አይቻለሁ።