ሜዳዋ ታጠረች፣ ልጆቹስ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ የመጡት ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ አንድ ነገር ላይ ገጠሙ፤ ልጆችና ከተማ። አራቱን መርጠናል። ስም አናወጣም።

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ ወንዶቹ ኳስ የሚጫወቱባት፣ ሴቶቹ ሱዚ የሚዘሉባት አንዲት ሜዳ ነበረች። አምና በቆርቆሮ ታጠረች። አሁን ልጆቹ አስፋልት ዳር ናቸው፤ ባጃጅ ሲመጣ ኳሷን ይዘው ይሸሻሉ፣ ሲያልፍ ይመለሳሉ። ለሚመለከታቸው አቤት ስንል «በጥናት የተደገፈ ነገር አምጡ» ተባልን። ጥናት እኮ ባለሙያና ገንዘብ ይፈልጋል። እኛ ምን እናድርግ?

መልስ፦ መምህርት፣ እንዲህ ያለው መልስ ብዙ ጊዜ ሰው ለመሸኘት ነው የሚሰጠው። እርስዎ ግን የምራቸውን እንደሆነ ይቁጠሩትና ጥናቱን ይዘውላቸው ይሂዱ። እንደሚያስፈራው አይደለም።

ብዙ አጥኚ የሚመኘው ነገር እርስዎ እጅ ላይ አለ፤ በየቀኑ ፊትዎ የሚቀመጡ ልጆች። ወረቀትና እርሳስ ይስጧቸውና ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሚመጡበትን መንገድ ይሳሉ። የሚወዱትን ቦታ በአንድ ቀለም፣ የሚፈሩትን በሌላ። የቱ እንደሚወደድ፣ የቱ እንደሚፈራ ግን አይንገሯቸው፤ ልጅ መምህሩን ደስ የሚያሰኘውን ገምቶ ለመሳል የሚቀድመው የለም። ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። አዋቂው አስፋልቱን ይዞ ሲዞር ልጅ በአቋራጭ ይወርዳል፤ በደረጃ፣ በቦይ ጠርዝ፣ በገደል አፋፍ፣ ክረምት ላይ ደግሞ በሚያንሸራትት ጭቃ። እነዚህ አቋራጮች ቢሮ ውስጥ የተሰቀለው ካርታ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ልጆቹ ወረቀት ላይ ግን አይቀሩም።

ወንዶቹንና ሴቶቹን ለየብቻ ያስሏቸው። ሜዳ ሲጠፋ ድምፁ የሚሰማው ኳስ ተጫዋቹ ነው፤ ውኃ ቀድታ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ፣ በተረፋት ግማሽ ሰዓት ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወተው ልጅ ግን ሜዳ አጣች ብሎ የሚቆጥርላት የለም። ክፍል ውስጥ የሌሉትንም ያስቡ። ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጩ፣ በክራንች የሚሄደው ልጅ ከተማዋን ከብዙዎቻችን በላይ ያውቋታል።

ከዚያ አብረዋቸው ይሂዱ። ቀድሞ በርናርድ ቫን ሊር፣ አሁን ቫን ሊር የሚባል የኔዘርላንድስ ፋውንዴሽን 95 ሴንቲ ሜትር የምትል መለኪያ አለችው፤ የጤነኛ የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ናት። ከተማን ከዚያ ከፍታ ላይ ሆናችሁ እዩት ነው የሚለው። ፒያሳ ላይ ቁጢጥ ብለው ይሞክሩት፣ የሚስቅ ይሳቅ። የሚታየው የባጃጅ ጭስ ማውጫ፣ የቆመ መኪና ጎንና የተከፈተ ቦይ ነው። የሚመጣውን መኪና ልጁ አያየውም፤ ሾፌሩም ልጁን አያየውም።

ቀጥሎ ቆጠራ። ጠዋት መግቢያ ላይ አንድ ሰዓት፣ መውጫ ላይ አንድ ሰዓት፤ ስንት ልጅ ተሻገረ፣ ስንት መኪናና ባጃጅ አለፈ። የገበያውን ቀንና ሌላውን ቀን ለየብቻ ይያዙት፤ ሰኞ ደሴ ሌላ ከተማ ናት። ደብተርና ስልክ ይበቃል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠበቅ ልበል። ወላጅ ይፍቀድ፣ ልጁም ይፍቀድ፣ ስም አይጻፍ፣ የልጆቹ ፎቶ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ። ልጅ እየሳለ ቤት ውስጥ ወይም መንገድ ላይ የደረሰበትን በደል ከነገረዎት ያ ለጥናት የሚሆን መረጃ አይደለም፤ በዚያው ቀን ለሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ የሚነገር ነው።

አሁን ወደ ሜዳዋ እንመለስ። ሰው አቤቱታ ይጽፋል፣ ፊርማ ያሰባስባል፣ ስብሰባ ላይ ይቆጣል፤ ዋናውን ነገር ግን ሳይጠይቅ ይመለሳል። ያቺ መሬት በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብላ ነው የተቀመጠችው? የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። አንዱ መላ ከተማውን የሚይዘው መዋቅራዊ ፕላን ነው፣ ሌላው የአንድን አካባቢ ዝርዝር የሚይዘው የአካባቢ ልማት ፕላን። ፕላን ሲወጣ ነዋሪው እንዲሳተፍበትም ይላል። እንግዲህ ሜዳዋ ለአረንጓዴ ወይም ለስፖርት ተብላ ከተያዘች መልስ መስጠት ያለበት ያጠራት አካል ነው፣ እርስዎ አይደሉም። ለመኖሪያ ወይም ለንግድ ከተባለች ግን ቆርቆሮው ላይ መጮህ ብዙም አያዋጣም። ያኔ ጥያቄዎ «ፕላኑ መቼ ነው የሚከለሰው? ምትክ ቦታስ የት ይሰጠናል?» ይሁን። መዋቅራዊ ፕላን የሚወጣው ለ10 ዓመት ነውና ክለሳው መምጣቱ አይቀርም።

አንድ ስንቅ ደግሞ ልጨምርልዎ። በአገር ደረጃ የተያዘው አቅጣጫ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን የሚል ነው። መሀል ያለችውን 30 ይዘው ይግቡና «የእኛ ሰፈር ድርሻ የት ጋ ነው ያለው?» ይበሉ። የልጆቹን ሥዕልና ቆጠራውን ከአንድ ገጽ ማጠቃለያ ጋር ያያይዙ። ሃምሳ ገጽ ማንም አያነብልዎትም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምማር ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ለልጆች ምቹ ከተማ ላይ ልሥራ ስል አማካሪዬ «ይኼ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ውኃና መንገድ ላልሞላለት ከተማ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። ርዕሱን ልቀይር?

መልስ፦ አብሽር፣ አትቀይር። ግን አጥብበው። አማካሪህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ «ለልጆች ምቹ ከተማ» ብለህ ብቻ ከገባህ ሁሉን ነክተህ ምንም ሳትይዝ ትወጣለህ።

ሐሳቡ የሀብታም አገር ብቻ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኬቪን ሊንች የሚባል አሜሪካዊ የከተማ ፕላን ምሁር በዩኔስኮ ሥር ልጆች ሰፈራቸውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ሲያስጠና ከአውስትራሊያና ከፖላንድ ጋር አርጀንቲናና ሜክሲኮም ነበሩበት። በ1990ዎቹ ሥራው እንደገና ሲነሳ ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ገቡ። ጆሃንስበርግ ላይ የተጠየቁት ልጆች ላስቲክና ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ነበሩ፤ ሐሳባቸውን ይዘው ከንቲባው ፊት ቀርበዋል። ዩኒሴፍ ለልጆች ምቹ ከተሞች የሚለውን እንቅስቃሴ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ኢስታንቡል ላይ ስለ ከተማና ስለ መኖሪያ ጉባኤ ባካሄደበት ዓመት።

ለአማካሪህ የምታሳያቸው ግን ዳሬሰላምን ነው። አሜንድ የሚባል ድርጅት እዚያ ልጆች በመኪና አብዝተው የሚጎዱባቸውን ትምህርት ቤቶች ለየ። የሠራው ነገር ርካሽ ነው፤ የእግረኛ መንገድ፣ የፍጥነት መግቻ ጉብታ፣ ዜብራ፣ መኪና እንዳይወጣ የሚከለክል አጭር ምሰሶ፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤቱን በር ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ማዞር። ከዚያ በተሠራላቸውና ገና ባልተሠራላቸው ትምህርት ቤቶች አካባቢ ቤት ለቤት እየተጠየቀ ተነጻጸረ፤ የሚጎዳው ልጅ ቁጥር ቀንሶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቶበታል። ዳሬሰላምም ውኃና መንገድ ሞልቶላት አልነበረም።

ኮምቦልቻ ላይ እኔ ብሆን ከሁለት አንዱን እይዝ ነበር። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ የቆየ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ለፈረቃ የምትገባ እናት ልጇን ማን ጋ ትታ ነው የምትገባው? ጎረቤት? የስድስት ዓመት እህቱ ጋ? በሰዓት ስንት ትከፍላለች፣ ቦታው ከፋብሪካው በር ምን ያህል ይርቃል? ሁለተኛው የከባድ መኪናው ነገር ነው፤ ደረቅ ወደብ ያለበት ከተማ ውስጥ ተሳቢው የሚያልፍበትና ተማሪው የሚሻገርበት መንገድ የት የት ነው የሚገናኙት? በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ይበልጣል። የሚያዳልጥ ርዕስ ስለሆነ ብዙ ሰው አይነካውም።

ስለ ገንዘብም ጠይቀኸኝ ባይሆንም ልንገርህ። ዩኒሴፍ በዚህ ፕሮግራም የሚስማማው ከከተማ አስተዳደር ጋር እንጂ ከተማሪ ጋር አይደለምና ማመልከቻ ስትጽፍ ጊዜህን አትጨርስ። ለአንተ የሚበቃህ የባጃጅና የወረቀት ብር ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ግን አንድ ቅጂ፣ ከነካርታው፣ ለከተማው የፕላን ክፍል በእጅህ ስጥ፣ ተቀበልን የሚል ፊርማም አስፈርም። የእኔ ትልቁ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ጥናት ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ከዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ጠረጴዛ ያለውን መንገድ የሚሄድለት ሰው ይጠፋል። ፕላን የሚያወጣው ባለሙያ ያላየው ጥናት ለልጆቹ አንዲት ዜብራ አያሠራም።

ጥያቄ፦ ልጄ የሕጻናት ፓርላማ አባል ናት። ስብሰባ በመጣ ቁጥር አበባ ይዘው እንግዳ ይቀበላሉ፣ የተጻፈላቸውን ግጥም ያነባሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ይኼ የልጆች ተሳትፎ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሮጀር ሃርት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 የልጆችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል አስቀምጦታል፤ ከታች ሁለተኛው እርከን ጌጥ ነው፤ የታችኞቹን ሦስቱን ደግሞ ተሳትፎ ብሎ አይቆጥራቸውም። ልጅዎ ያለችው እዚያ ነው። አገራችን የተቀበለችው የ1989ኙ (እ.ኤ.አ.) የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡን የመናገርና የመሰማት መብት አለው ይላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ግጥሙ ይቅርና አሥር ደቂቃ ስጡን ይበሉ። ልጆቹ ራሳቸው የመረጡትን አንድ ጥያቄ ያንሱ፣ መልሱ የሚሰጥበት ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። አበባውን ሌላ ሰው ይያዘው።

ጥያቄ፦ የወልዲያ ሰው ነኝ፣ ሃምሳን አልፌያለሁ። እኛ ገደል ለገደል ሮጠን፣ ወንዝ ዋኝተን ነው ያደግነው፤ ማንም ፕላን አላወጣልንም። ከተማችን ደግሞ ትልቅ ስታዲየም አላት። ይኼ ሁሉ ወሬ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ፕላን አላስፈለገዎትም፤ ሜዳውም ወንዙም ነበረዎት፣ ሲያጠፉ ጆሮዎን የሚቆነጥጥ ጎረቤትም ሞልቶ ነበር። የዛሬው ልጅ ደጁ ላይ ያለው ባጃጅና ሲኖትራክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በዓለም ላይ በብዛት የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው፤ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ስታዲየሙ ያኮራል፣ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መላ አገሩ ነው ያየው። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ብቻውን ስታዲየም አይሄድም። እሱ የሚፈልገው እናቱ ከደጅ ስትጣራ የሚሰማበት ርቀት ላይ ያለች ጠባብ ቦታ ነው። እሷን ደግሞ ያለ ብዙ ብር ማግኘት ይቻላል። ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሁድ እሁድ መንገድ ለመኪና ትዘጋለች፤ አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ጀምራው ነበር። እናንተ ዋና መንገድ አትዝጉ፤ አንድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ እሁድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ይበቃል። ለቀበሌውና ለትራፊክ ፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ፣ ታማሚና ነፍሰ ጡር የሚያልፍበት ቦታ ተዉ፣ እድሩ ገመድና ወንበር ያውሳችሁ። ባጃጆቹ ቀድመው ካልተነገራቸው ግን የመጀመሪያው እሁድ በጭቅጭቅ ያልቃልና ከተራ አስከባሪው ይጀምሩ።