“የሴቶች ጉዳይ ነው” የሚል ባል

ጥያቄ፦ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ አካባቢ ነው የምጽፈው። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ የግርዛትን ጉዳት ሰምቻለሁ፣ አምኜበታለሁም። አማቴ ግን “ሴት ከሆነች ሳትገረዝ እንዳትቀር፤ ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች፤ ማን ያገባታል?” ይሉኛል። አራስ የምሆነው እሳቸው ቤት ነው። ባሌ “የሴቶች ጉዳይ ነው” ብሎ ይሸሻል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አንዳንዴ ሰው ምን ይላል እያልኩ እፈራለሁ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ደም መፍሰሱን፣ ኢንፌክሽኑን፣ ጠባሳው በምጥ ጊዜ የሚያመጣውን ጣጣ ታውቂዋለሽ። የያዘሽ የሰው አፍ ነው። አማትሽም የሚፈሩት እሱኑ ነው፤ ለልጅሽ ክፉ አስበው አይደለም።

ስለዚህ ከሕግ አትጀምሪ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 ሴትን መግረዝ በእስራት ወይም በገንዘብ ያስቀጣል። ግን አማትን በፖሊስ ካስፈራራሽ ነገሩ ጓዳ ይገባል፤ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ያልቃል። ይልቅ ቡና ላይ “እማማ፣ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?” በያቸውና ይናገሩ። ስለ ትዳር ካነሱ፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 ከመቶ ተገርዘው ነበር፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ግን 47 ከመቶ ናቸው። ልጅሽ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ብቻዋን አትሆንም። ሃይማኖትን ካነሱ ደግሞ ቁርኣን ውስጥ ሴት ትገረዝ የሚል የለም። ይህን ግን አንቺ ባትናገሪው ይሻላል። የሚሰሟቸውን ሼህ አስቀድመሽ አነጋግሪና እሳቸው ይንገሩልሽ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ባልሽ ነው። ልጅ ሲወለድ የሚታረደውን አቂቃ ሲያርድ የሴቶች ጉዳይ ነው ይላል እንዴ? በእናንተ አካባቢ ብዙዎቹ የሚገረዙት ገና በጨቅላነታቸው ነው፤ ያኔ አንቺ አራስ ነሽ፣ ለክርክር አቅም የለሽም። ስለዚህ ሳትወልጂ “እማዬ፣ ልጄ አትገረዝም” ብሎ ራሱ ይንገራቸው። ከአንቺ አፍ ሲወጣ የምራት ድፍረት ይሆናል፤ ከልጃቸው አፍ ሲወጣ ግን የአባት ውሳኔ ነው። ፈርቶ ከሆነ አትውቀሺው፤ አብራችሁ ተለማመዱት። ወደ ክትትልም ይዘሽው ሂጂ፤ ነገሩን ከአዋላጇ ይስማ። አንቺ ራስሽ ተገርዘሽ ከሆነ ያን ቀን ንገሪያት፤ ለምጡ ተዘጋጅታ ትጠብቅሻለች።

አሁንም ከሸሸ፣ እናትሽ ሐሳብሽን የምትደግፍ ከሆነ የአራስነት ጊዜሽን እሷ ቤት አድርጊው። እዚያ ካልተቻለ ሐሳብሽን የምትጋራ እህት ወይም ጎረቤት ከጎንሽ እንዳትጠፋ ከወዲሁ ለምኚያት።