«ከአይፎኔ የተላከ» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ አራት ጥያቄዎች ሦስቱ ኢሜይል ግርጌ ላይ ስለምትለጠፍ ጽሑፍ ናቸው።

አንድ አንባቢ አዲስ አይፎን ከገዙ ወዲህ በላኩት ኢሜይል ሁሉ ሥር «ከአይፎኔ የተላከ» የሚል እንግሊዝኛ እየወጣ፣ የቢሮ ሰው «ጉረኛ» እያለ ያማቸዋል።

ስልኩ ይዞት የመጣ ነው። ሴቲንግ ገብተው ሜይል (በአዳዲሶቹ የአይፎን ሲስተሞች አፕስ በሚለው ሥር ነው)፣ ከዚያ ሲግኔቸር የሚለውን ከፍተው ጽሑፉን ያጥፉት። ካቃተዎት የሰፈር ሞባይል ጠጋኝ አለ።

ሁለተኛዋ የአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። አለቃቸው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ «ሪፖርቱ?» ብለው ይልካሉ። ሰላምታ የለም፣ ስም የለም፤ ከሥሩ ያቺው «ከአይፎኔ» ብቻ። እሳቸው ልጅ አስተኝተው ላፕቶፕ ይከፍታሉ። «ንቀት ነው ወይስ ችኮላ? ክፍያስ የለውም?»

እህቴ፣ ነገሩ ሲጀመር ማስታወቂያ ነበር። ሆትሜይል የተባለው ነፃ የኢሜይል አገልግሎት በ1996 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር በየኢሜይሉ ግርጌ ራሱን እያስተዋወቀ ተስፋፋ፤ የብላክቤሪና የአይፎን ስልኮችም ያንኑ መንገድ ያዙ። ቢሮ ሲገባ ግን ትርጉሙ ተለወጠ፦ «ስልክ ላይ ነኝ፣ ፊደል ብገድፍ፣ ሰላምታ ባስቀር ይቅርታ» ማለት ሆነ። ይቅርታው ታዲያ የሚሠራው ለአለቃ ነው። እርስዎ በዚያው ስልክ «ነገ» ብለው ቢመልሱ ምን እንደሚባሉ ያውቁታል። እኔን ያሳሰበኝ የሰላምታው መቅረት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ምናልባት አለቃዎ እንዳይረሱት ልከው ተኝተዋል፤ ነቅተው ያደሩት እርስዎ ነዎት። በአካል ይጠይቋቸው፦ «ማታ የሚልኩልኝ ለማታ ነው ወይስ ለጠዋት?»

ክፍያውን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል፤ ግን አሠሪው በግልጽ ያዘዘው መሆን አለበት። «ሪፖርቱ?» ትእዛዝ ነው ወይስ ጥያቄ? እዚህ ላይ የኔን ቃል ይዘው እንዳይሟገቱ! ኢሜይሎቹን ከነሰዓታቸው አትመው፣ የሥራ ውልዎን ጨምረው ለሥራ ሕግ ጠበቃ ያሳዩ። ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት፣ አደራ።

ሦስተኛው ኢንጂነር ናቸው። የኢሜይል ፊርማቸው 11 መስመር ነው፦ ማዕረግ፣ ሁለት ዲግሪ፣ ሦስት ስልክ፣ የድርጅቱ አርማ። ከስልካቸው «እሺ» ብለው ሲልኩ ያ ሁሉ ተከትሎ ይወጣል። «ለምን ይሳቅብኛል?»

እኔም ስቄያለሁ፣ ይቅርታ። ማኅተም የለመደ ቢሮ ያለ ማኅተም ማመን ይቸግረዋል፣ ይገባኛል። ስም፣ የሥራ መደብ፣ አንድ ስልክ ይበቃል።

አራተኛው፦ ቴሌግራም ላይ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ መጨረስ ያስፈልጋል ወይ?

አያስፈልግም።