ስለ ቅዱሳን መላእክት፦ ከሰሜን ሸዋ ምእመናን ጥያቄዎች

የኅዳር ሚካኤል እየደረሰ ስለሆነ፣ በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ያሉ ምእመናን ስለ መላእክት የጠየቁኝን እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት እመልሳለሁ።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት፣ ደብረ ብርሃን፦ መምህር፣ ሥጋ ከሌላቸው ለምን ክንፍና ሰይፍ ይዘው ይሳላሉ?

ነቢያት ባዩበት መልክ ስለሚሳሉ ነው። በተፈጥሯቸው ረቂቃን ናቸው፤ ዳዊት በመዝሙር 103፥4 መንፈስና የእሳት ነበልባል ይላቸዋል። ኢሳይያስ ሱራፌልን በስድስት ክንፍ አይቷቸዋል፤ ኢያሱም የእግዚአብሔርን ሠራዊት አለቃ ሰይፉን መዝዞ ቆሞ አይቶታል። ረቂቃን ናቸው ሲባል ግን በሁሉ ቦታ አሉ ማለት እንዳይመስልህ። እነሱም ፍጡራን ናቸውና ውሱን ናቸው፤ ቅዱስ ገብርኤል ወደ ናዝሬት ተልኮ ነው የሄደው። በሁሉ የመላ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

መቼ ተፈጠሩ?

እሑድ፣ በመጀመሪያው ቀን። መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 2 ይነግረናል። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩት በ100 ነገድ ሆነው በሦስቱ የመላእክት ሰማያት፣ በኢዮር፣ በራማና በኤረር ሰፈሩ። ፈጣሪያቸው ተሰውሮባቸው ሳለ ሳጥናኤል «እኔ ፈጠርኋችሁ» ቢል ሰማዩ ታወከ። ያን ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል «አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም» ብሎ አረጋጋቸው። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ መላእክትም በእምነት መጽናት እንደነበረባቸው ያሳያል።

ይበላሉ?

አይበሉም። ቅዱስ ሩፋኤል ራሱ በመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 12፣ ሲበላ የታየው በራእይ ብቻ እንደነበር ተናግሯል።

አንዲት እናት፣ መንዝ፦ ልጄን በሕፃንነቱ ቀበርኩት። ሰው ሁሉ «መልአክ ሆኗል» እያለ ያጽናናኛል። እውነት ነው?

እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የሚሉዎት በፍቅር ነው፤ ትምህርታችን ግን ከዚያ የበለጠ ተስፋ አለው። ልጅዎ መልአክ አልሆነም፤ የእርስዎ ልጅ እንደሆነ ነው። መላእክት እናት የላቸውም፤ በማኅፀን አላደሩም፤ ጡት አልጠቡም። እሱ ግን በስሙ፣ ክርስትና በተነሣበት ስሙ፣ በእግዚአብሔር ፊት ይታወቃል። ጌታ በማቴዎስ 22፥30 «እንደ መላእክት ይሆናሉ» ያለው ማግባትና መጋባት እንደማይኖር ሲነግረን ነው፤ ሰውነታችን ይቀራል አላለም። በትንሣኤ የሚነሣው ያ ያቀፉት ሥጋው ነው። መላእክትስ የት አሉ ካሉኝ፣ ስለ አልዓዛር የተጻፈውን ያስቡ፦ «መላእክትም ወደ አብርሃም እቅፍ ወሰዱት» (ሉቃስ 16፥22)። ይዘውት የሄዱ እነሱ ናቸው። አሁንም አብሯቸው ያመሰግናል። ሲያለቅሱም አይፈሩ፤ ጌታም ለአልዓዛር አልቅሷል፤ ያ ግን ሌላው፣ የቢታንያው አልዓዛር ነው።

ታዲያ የኢቲሳው አባታችን ተክለ ሃይማኖት ለምን ክንፍ አላቸው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። እሳቸውም ሰው ናቸው፤ እዚሁ ቡልጋ ከጸጋ ዘአብና ከእግዚእ ኀረያ የተወለዱ። ስድስቱ ክንፍ በጸጋ የተሰጣቸው ነው። ከ24ቱ ካህናተ ሰማይ ጋር አጥነዋል፤ ተፈጥሯቸው ግን አልተለወጠም። ገድላቸው እንደሚለው እናታቸውን ከማረካቸው ከዳሞቱ ንጉሥ ከሞተሎሚ እጅ አውጥቶ ወደ ዞረሬ የመለሳቸው ቅዱስ ሚካኤል ነው።

በራእይ 22፥9 መልአኩ ዮሐንስን «እንዳታደርገው፤ ለእግዚአብሔር ስገድ» ብሎታል። እኛ ለምን እንሰግዳለን?

የአምልኮ ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ነው፤ ለመልአክ ማቅረብ ኃጢአት ነው። የአክብሮት ስግደት ግን ሌላ ነው። ኢያሱ ለሠራዊቱ አለቃ ሲሰግድ (5፥14) አልተከለከለም፤ ጫማህን አውልቅ ነው የተባለው። ዮሐንስን የከለከለው መልአክ ትሕትናውንና የሐዋርያውን ክብር አሳይቷል። ይህን ስል ግን የሚያሳዝነኝን አልደብቅም፦ በየወሩ በ12 ዝክር የሚዘክር፣ ስእለት የሚያገባ፣ ንስሐ ግን የማይገባ ብዙ ሰው አለ። ቅዱስ ሚካኤልን የሚወድ ሰው ወደ ላከው ጌታ ይቅረብ።

በዘፍጥረት 6 «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባሉት መላእክት ናቸው?

አይደሉም። በእኛ ትርጓሜ ደቂቀ ሴት፣ ማለትም የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው፤ በመጽሐፈ ሄኖክም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ይተረጎማል። ረቂቅ ፍጥረት አያገባም፤ አይወልድም።

ኃጢአት ስሠራ ጠባቂ መልአኬ ይተወኛል?

በኃጢአትህ ታሳዝነዋለህ። አንድ ኃጢአተኛ ሲመለስ ግን በመላእክት ፊት ደስታ ይሆናል (ሉቃስ 15፥10)፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ።