«ልጄ ድናለች፤ መድኃኒቱን ታቁም?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አምና ድባቴ ይዟት ለወራት ክፍሏን ዘግታ ተኛች። ሆስፒታል ወስጃት ፍሎክሰቲን ታዘዘላት፤ የምክር አገልግሎትም ታገኝ ነበር። ተመስገን፣ ደህና ከሆነች ሦስት ወር ሆናት። ትስቃለች፣ ትበላለች። አሁን «ድኛለሁ፣ ኪኒኑን ልተወው» ትለኛለች። ጎረቤትም «ሱስ ይሆንባታል» ይለኛል። እንዳያገረሽባት ፈራሁ። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ኪኒኑን ግን አሁን አታቁም።

ድባቴ የማገርሸት ጠባይ አለው። አሜሪካ ውስጥ ከድባቴ ያገገሙ ወጣቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ነበር። ግማሽ ለሚጠጉት በ5 ዓመት ውስጥ ተመልሶ መጥቷል። መድኃኒት ቶሎ ሲቋረጥ ደግሞ ስጋቱ ይጨምራል። ለዚህ ነው ደህና ከሆኑ በኋላ ከ6 እስከ 12 ወር ቀጥሉ የምንለው። አጥንቱ ሳይገጥም ጀሶ አይፈታም።

ስለ ሱሱ ጎረቤትዎ ተሳስተዋል። ፍሎክሰቲን እንደ ጫት ሐራራ የለውም። በአንድ ጊዜ ቢያቆሙት ግን ማዞርና መነጫነጭ ሊያመጣ ይችላል። ጊዜው ሲደርስ ሐኪሟ ቀስ በቀስ ይቀንስላታል። ያም ቢሆን ፈተናው ደጅ ላይ ቆሞ ባይሆን ይሻላል። አልፎላት፣ ረጋ ስትል ይሁን።

ምክሩን «ነበር» ብለው ነው የጻፉልኝ። ቆሞ ከሆነ ያስቀጥሉላት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ላይ፣ ፍሎክሰቲን እየወሰዱ ከተሻላቸው ልጆች ገሚሶቹ የንግግር ሕክምና ተጨመረላቸው። ከእነዚህ መካከል በ30 ሳምንት ውስጥ ያገረሸባቸው ከመቶው 9 ያህሉ ነበሩ። መድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት ግን ከመቶው 26 ያህሉ አገረሸባቸው። ለእኔ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

አሁን ከልጅዎ ጋር ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ። «አምና መጀመሪያ የተለወጠው ምን ነበር?» ብለው ይጠይቋት። ድባቴ ሲመለስ ብዙ ጊዜ በለመደው በር ነው የሚገባው። አንዷ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነቃለች። ሌላው የጓደኞቹን ስልክ ማንሳት ይተዋል። አንዲት እናት «የእኔዋ ፀጉሯን መሠራት ስትተው ነው የማውቀው» ብላኛለች፤ ይህን እኔ ከመጽሐፍ አላገኘውም። የልጅዎን ሦስት አራት ምልክት ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁለት ሳምንት ድረስ ካልለቀቃት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪሟ ጋ ሂዱ። አንድ ቀን ስለከፋት ግን «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» እያሉ አያስጨንቋት። መከፋት የሰው ነው።

በተቃራኒው፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝታ ጉልበቷ ከበዛ፣ ንግግሯም ከፈጠነ፣ ይህንንም ለሐኪሟ ይንገሩ። መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችላል።

እንቅልፏን ይጠብቁላት። ለፈተና ብላ ሌሊቱን በጫት እንዳታነጋ፤ የተማሪ ቤት ወሬ ነውና ሳትጠይቁ አትለፉት። በእግሯ ወክ ታድርግ። ጸበል ከሄደችም መልካም፣ ኪኒኗን ይዛ ትሂድ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። «መሞት ያሰኝሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ እንዲያውም ያስተነፍሳታል። በተለይ መድኃኒት ሲጀመርና መጠኑ ሲለወጥ ይጠይቋት። ኪኒኑን ራስዎ ያስቀምጡ፤ የአይጥ መርዝም ቤት ውስጥ አይኑር። «አዎ» ካለችዎት ብቻዋን አይተዋት፤ ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘዋት ይሂዱ።